ቦዩ በጀት ተይዞለታል ተብሎ ለምን አልተጀመረም? የድሬዳዋ ነዋሪዎች ክርክር

ክርክሩን የከፈተው የአንድ ነዋሪ ጽሑፍ አጭር ነበር። ድሬዳዋ ውስጥ ወደ ደቻቱ ወንዝ በሚወርድ አንድ ሰፈር የጎርፍ ማስወገጃ ቦይ እንደሚሠራ በቀበሌ ስብሰባ ተነግሯል፣ የከተማው ምክር ቤትም በጀቱን አጽድቋል፣ ዓመቱ ግን ተጋምሶ አንድ አካፋ አፈር አልተነሳም ይላል። ጠያቂው ሁለት ነገር ማወቅ ይፈልጋል፦ ምክር ቤቱ እጅ አውጥቶ ያጸደቀው በትክክል ምንድን ነው? ገንዘቡስ የት ደረሰ? መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ ክስ ጨምሯል። የምክር ቤት አባላት የቀረበላቸውን ከማጽደቅ በቀር የሚወስኑት ነገር የለም ብሏል። ከዚያ በኋላ የመጡት 23 ምላሾች አብዛኞቹ የተነሱት ከዚህ ክስ ነው።

1ኛው ምላሽ በጨዋ ቋንቋ የጊዜ ሰሌዳውን አስረዳ። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ቢሆንም ሥራው የሚጀመረው በጋው ላይ ነው። ፋይናንስ ቢሮ ለየባለ በጀት መሥሪያ ቤቱ የበጀት ጥሪ ይልካል፣ ከጥሪው ጋር ጣሪያው፣ ማለትም መሥሪያ ቤቱ ሊያልፈው የማይችለው የገንዘብ መጠን፣ አብሮ ይሄዳል። መሥሪያ ቤቱ በጣሪያው ውስጥ ዕቅዱን አዘጋጅቶ ለበጀት ስሚ፣ ጥያቄውን አስረድቶ ለሚከራከርበት መድረክ፣ ይቀርባል፣ ተከራክሮ የተረፈው ወደ ካቢኔ፣ ከካቢኔ ወደ ምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ፣ ከዚያ ወደ ጉባኤው ይሄዳል። ድሬዳዋ በ1996 በወጣው የቻርተር አዋጅ ቁጥር 416 መሠረት ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ስለሆነ፣ የድጎማዋ መጠን በየዓመቱ በፌዴራሉ የበጀት አዋጅ ውስጥ ነው የሚወጣው። ያ ቁጥር ሳይታወቅ የከተማው በጀት አይዘጋም። ስለዚህ እጅ የሚወጣበት ቀን የሂደቱ መጨረሻ ነው። እዚያ ደርሶ አንድን ቦይ ማስገባት ከፈለጉ ሌላ ነገር ማውጣት የግድ ይሆናል። ጉባኤው ፊት የሚቀርበውም በመሥሪያ ቤት፣ በፕሮጀክትና በሒሳብ መደብ (ለእያንዳንዱ የወጪ ዓይነት በተሰጠ መለያ ቁጥር) የተጠቃለለ ቁጥር ነው። የእያንዳንዱ መንደር ቦይ ስም ተዘርዝሮ የሚገኘው ከኋላ ባለው አባሪ ላይ ነው፤ ያውም ከተገኘ።

2ኛው አንድ እርማት አመጣ፣ ተገቢ እርማትም ነበር። ከተማዋ ሁለት ኪስ አላት ይላል። አንዱ ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለእርሻና ለመሰሉት የሚውለው ነው፣ ድጎማው በአብዛኛው የሚገባው እዚያ ነው። ሌላው የማዘጋጃ ቤት ኪስ ነው፤ ከሊዝ፣ ከመሬት ኪራይ፣ ከቤት ግብር፣ ከገበያ መደብ ኪራይ፣ ከቄራና ከመሰል አገልግሎቶች የሚሰበሰበው ገቢ የሚቀመጥበት። የሰፈር ውስጥ ቦይ የሚወጣው ከሁለተኛው ነው። የሊዝ ጨረታ በዓመቱ ውስጥ ሳይካሄድ ቢቀር ወይም ገዢ ቢያጣ፣ በወረቀት የጸደቀው ቦይ ገንዘብ አልባ ሆኖ ይቀራል።

ሦስተኛው ይህንኑ ይዞ ቀጠለ። የጸደቀ በጀት እስከዚህ ድረስ ማውጣት ይቻላል የሚል ፈቃድ ነው እንጂ ካዝና ውስጥ የተቀመጠ ብር አይደለም። መሥሪያ ቤቱ የገንዘብ ፍላጎት ዕቅዱን በየሩብ ዓመቱ ያቀርባል፣ ገንዘቡም የሚለቀቀው ገቢው እየታየ ነው። ገቢ ሲያንስ በመጀመሪያ የማይነካው መደብ 6111 ነው፣ የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ። ደመወዝ አይዘገይም፣ የሚዘገየው ውል ያልተፈረመበት የካፒታል፣ ማለትም የግንባታ፣ ፕሮጀክት ነው። ስለዚህ ጠያቂው ማጣራት ያለበት በጀቱ መጽደቁን ሳይሆን ውል መፈረሙን ነው አለ። ውል የተፈረመበት ሥራ ገንዘብ ሲቀነስም ዕዳ ሆኖ ይከተላል፤ ያልተፈረመበት ግን ማንም ሳያስተውለው ወደ ቀጣዩ ዓመት ይሸጋገራል።

4ኛው ላይ ድምፁ ጠንከር አለ። ጸሐፊው ጠያቂውን በቀጥታ ያዘው፦ ቀበሌ ላይ የተባለው የትኛው ቦይ ነው? ከየት ተነስቶ የት ይደርሳል? ዲዛይን አለው? የቀበሌ ቃለ ጉባኤ ላይ ቦይ ይሠራልን ተብሎ የተጻፈ ጥያቄ በበጀት ስሚ ላይ አምስት ደቂቃ አይቆምም ብሎ፣ አንድ ጥያቄ እንዴት ወደ ቁጥር እንደሚለወጥ ለማሳየት ሒሳብ ሠራ። ርዝመቱ 400 ሜትር፣ የውስጥ ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 80 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቦይ ይወሰድ። ግራና ቀኝ 40 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የድንጋይ ግንብ ካለው የውጭ ስፋቱ 1.4 ሜትር ይሆናል። ግንቡ ብቻ በአንድ ሜትር 0.64 ሜትር ኩብ፣ በጠቅላላው 256 ሜትር ኩብ ነው። ወለሉ 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ሌላ 112 ሜትር ኩብ ይጨመራል። ለመክደኛው 10 ሳንቲ ሜትር ተደምሮ ቁፋሮው 1.1 ሜትር ይወርዳል፣ ማለትም 616 ሜትር ኩብ አፈር፤ ለሠራተኛ መቆሚያ የሚሰፋውን ሳይጨምር። እነዚህ ቁጥሮች የሌሉት ፕሮጀክት ዋጋው በግምት ይጻፋል፣ በግምት የተጻፈ ዋጋ ደግሞ ጨረታ ላይ ይወድቃል።

ከዚሁ ተያይዞ 5ኛው በጣም የተለመደ ያለውን ስህተት አሳየ፤ ብዙ ሰው ያመሰገነው ምላሽ ይህ ነው። መሐንዲሱ የሥራውን ዋጋ ለምሳሌ 10 ሚሊዮን ብር ብሎ ያወጣል። ዕቅድ ክፍሉ 10 ሚሊዮኑን እንዳለ ወደ በጀት ቅጹ ይገለብጣል። መጠባበቂያ 10 በመቶ ሲጨመር 11 ሚሊዮን፣ ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ሲታሰብ 12 ሚሊዮን 650 ሺህ ይደርሳል፣ የሱፐርቪዥኑ (የግንባታ ቁጥጥሩ) ክፍያ ገና ሳይታሰብ። ሱፐርቪዥን የራሱ መደብ አለው፣ 6326፤ ከግንባታው 6324 ተለይቶ መጠየቅ አለበት። በጥር የተገመተው ዋጋ ጨረታ የሚወጣበት በመስከረም ነው፣ በመሃል ሲሚንቶና ብረት ዝም ብለው አይጠብቁም። ዝቅተኛው ተጫራች እንኳ ከተያዘው በጀት በላይ ይመጣና ጨረታው ይሰረዛል። እንደገና ሲወጣ ጥር ይሆናል። ቦዩ ያልተጀመረበት ምክንያት ከዚህ ሊርቅ አይችልም ብሎ ደመደመ።

6ኛው ተቆጣ። ይህ ሁሉ የመሐንዲስና የሒሳብ ሠራተኛ ማስተዛዘኛ ነው፣ ሕዝቡ ለኮብልስቶን ከኪሱ አዋጥቶ መንገድ ሲያሠራ ማንም ስለ መደብ ቁጥር አልነገረውም የሚል ነው። 7ኛው ሊያረጋጋው ሞከረ፦ መዋጮው ራሱ በከተማው ሒሳብ ውስጥ እንደ ገቢ ተመዝግቦ፣ በጀት ተጠይቆበት ነው የሚወጣው፤ ያለ መደብ የወጣ ሳንቲም ኦዲተር ፊት ማስረጃ የለውም። ስድስተኛው አልተመለሰም፤ ቅሬታው ግን ትክክለኛ መነሻ አለው ብዬ አምናለሁ። ገንዘብ ላዋጣ ሰው ገንዘቡ የገባበትን መደብ ማሳየት ውለታ አይደለም።

8ኛው ምላሽ ክርክሩን ወደ ዋናው ነገር አመጣው። አዲስ ቦይ መሥራት ካፒታል ነው፣ የተሠራውን ቦይ መጥረግ ግን መደበኛ፣ ማለትም የዕለት ተዕለት ሥራ ወጪ፣ ነው አለ። ጠረጋና ጥገና የሚጠየቀው በመደብ 6245 ነው፣ የመሠረተ ልማት ጥገና። ያው መሥሪያ ቤት ነዳጁን በ6217፣ ውሎ አበሉን በ6231፣ የመኪና ጥገናውን በ6241 ከዚያው ከመደበኛ ጣሪያ ውስጥ ነው የሚያገኘው። ጣሪያው ጠባብ ሲሆን ማንም ኃላፊ መኪና አቁሞ ቦይ አያስጠርግም። ስለዚህ ከተማዋ በየዓመቱ አዲስ ቦይ ትገነባለች፣ ያለፈው ዓመቱ ደግሞ በአሸዋ ይሞላል።

አዲስ ቦይ ሲመረቅ ፎቶ ይነሳል፣ አሸዋ ሲወጣ ግን ማንም አያይም ያለው 9ኛው፣ ለስምንተኛው አንድ ነጥብ አጠበቀለት። የፋይናንስ ሕጉ ከመደበኛ ወደ ካፒታል ማዛወርን በፈቃድ ሲያስኬድ፣ ከካፒታል ወደ መደበኛ ማዛወርን ግን ይከለክላል። ክልከላው የልማት ገንዘብ ለአበልና ለነዳጅ እንዳይበላ የተደረገ ስለሆነ መልካም ነው። ችግሩ ጠረጋውም ከነዳጅ ጋር በአንድ ወገን መቆሙ ነው። ጉባኤው ጠረጋን ማዳን የሚችለው በዓመቱ መጀመሪያ በ6245 ላይ የተጠየቀው ቁጥር ሲቀነስ እያየ ሲያስቆም ብቻ ነው። በየካቲት ቢነቃ ካፒታል ላይ የተኛ ገንዘብ እያለ እንኳ አይደርስለትም።

10ኛው ጠረጋውንና በጀቱን ያገናኘው በቀን መቁጠሪያ ነው፣ በዚህ ክርክር ውስጥ ከቀረቡት ሁሉ ከባዱም ይኸው ይመስለኛል። የድሬዳዋ ወንዞች በጋውን ደረቅ አሸዋ ናቸው። ውሃው የሚመጣው ከላይ ከተራራው ዘንቦ ነው፣ በመጋቢትና ሚያዝያ አንድ ጊዜ፣ በሐምሌና ነሐሴ በኃይል። ጠረጋው ማለቅ ያለበት ሰኔ ላይ ነው። ሰኔ ደግሞ ሒሳብ የሚዘጋበት ወር ነው፤ የመደበኛ በጀቱ አልቋል፣ አዲስ ግዥ አይጀመርም። ሐምሌ ሲገባ አዲሱ በጀት ገና አልወረደም። ጎርፉ የሚያገኘው ይህንን ክፍተት ነው። ደቻቱ ከተማዋን ያጥለቀለቀበትና ከ250 በላይ ሰዎች ያለቁበት ሌሊት ሐምሌ 30 ቀን 1998 ሊነጋ ሲል ነበር፣ አዲሱ የበጀት ዓመት በገባ በወሩ። ያን የሚያክል ጎርፍ በሰፈር ቦይ አይቆምም፣ እሱ የተፋሰስና የወንዝ ዳር ግንብ ጉዳይ ነው ብሎ አስጠነቀቀ፤ በየዓመቱ ቤት የሚገባው ውሃ ግን በአብዛኛው በአሸዋ ከተደፈነ ቦይ የሚገነፍለው ነው። የ4ኛውን ቦይ መልሶ ወሰደና 30 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ከተኛበት 72 ሜትር ኩብ ይሆናል አለ። አሥራ ስድስት ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ አምስት ምልልስ፤ አንድ ቀን የሚፈጅ ሥራ። ሳይጠረግ ከቀረ ግን ከ80 ሳንቲ ሜትሩ ጥልቀት ከሲሶው በላይ ተደፍኗል ማለት ነው።

መፍትሔ ብሎ ያቀረበው የጠረጋ ውል በመስከረም ተፈርሞ ሥራው በየካቲትና በግንቦት ሁለት ጊዜ እንዲካሄድ ነው፤ ያኔ ሁለቱም ዝናብ ሳይመጣ ገንዘቡም ሳይዘጋ ይጠረጋል። ለድሆች ሥራ እየሰጠ የሚከፍለው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ2009 በ11 ከተሞች ሲጀመር ድሬዳዋም ሐረርም ነበሩበት፤ አካባቢ ጽዳት ከሥራዎቹ አንዱ ስለነበር የሰው ጉልበት በዚያ በኩል ሊገኝ ይችላል። የጎደለው አሸዋውን የሚያነሳው መኪና ነው፤ በአካፋ ወጥቶ ዳር ላይ የተከመረ አሸዋ የመጀመሪያው ዝናብ ወደ ቦዩ ይመልሰዋል።

እዚህ ላይ ሐረሮች ገቡና ክርክሩ ፈር ለቀቀ። 11ኛው የሐረሪ ምክር ቤት 36 መቀመጫ እንዳለው፣ 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ፣ 22ቱ የሕዝብ ተወካዮች መሆናቸውን አስታውሶ፣ በግንብ በታጠረው ጥንታዊው ከተማ በጀጎል ውስጥ አንድ ጠባብ መተላለፊያ ድንጋይ ለማንጠፍ የበጀቱ መገኘት ትንሹ ነገር ነው አለ። ጀጎል በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ የቅርስ ፈቃድ ይቀድማል፣ ሮለር ስለማይገባ ጠቅጣቂው የእጅ ነው፣ ድንጋዩም በአህያና በሰው ጀርባ ይገባል፤ የነጠላ ዋጋው ከውጭው መንገድ ጋር እኩል ተብሎ ከተያዘ ተቋራጩ በመሃል ጥሎ ይሄዳል። 12ኛው ወደ ውሃ ወሰደው፦ ሐረር የምትጠጣው ከድሬዳዋ አቅራቢያ ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች ተገፍቶ ነው፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ደግሞ ከ600 ሜትር በላይ የከፍታ ልዩነት አለ፤ የመብራት ሒሳቡን ማን ያስብ? 13ኛው የድሬዳዋ ሰው ነው፣ የእኛስ ቧንቧ አለ። ውሃው ካልሲየም የበዛበት በመሆኑ ቧንቧው ውስጡ ነጭ ድንጋይ እየጋገረ ይጠባል፤ ሲቆረጥ የእጅ አውራ ጣት የማያስገባ ቀዳዳ የቀረው ይገኛል። የውሃ አገልግሎት በታሪፍ የሚተዳደር ስለሆነ የቧንቧው መቀየሪያ ከቦዩ በጀት ጋር አይሻማም ብሎ ራሱ ወደ ርዕሱ መለሰው።

14ኛው የሰኔን ክፍያ አነሳና ነገሩ ከረረ። በጀት እንዳይመለስ ተብሎ በሰኔ የመጨረሻ ሳምንት ላልተሠራ ሥራ የክፍያ ሰርተፊኬት፣ ማለትም ሥራው ተሠርቷል ይከፈል የሚል ማረጋገጫ፣ እንደሚቆረጥ ጽፎ፣ ይህ ገንዘብን ማዳን ነው የሚል አስተያየት ጨመረ። 15ኛው ምሕረት አላደረገለትም። ያልተለካ ሥራ ላይ መፈረም ወንጀል ነው፣ ማዳን አይባልም፤ ተቋራጩ ገንዘቡን ከያዘ በኋላ ግንቡ ቢንጋደድ በምን ይጠየቃል ብሎ አፈጠጠበት። አንድ ከአዲስ አበባ የጻፈ ሰው በ16ኛው ላይ እርስዎ እያለ ሊያስታርቅ ገባ፤ ድሬዎች ግን አንተ መባባል ጠብ አይደለም፣ እዚህ ታላቅም ታናሽም አንተ ነው ብለው መለሱለት። የዚህ ሰው ምላሽ ሕጋዊዎቹን መንገዶች ስለዘረዘረ ይጠቅማል። እስከ ሰኔ 30 ለተሠራና ለተለካ ሥራ ክፍያው በሐምሌ ባለው የ30 ቀን የእፎይታ ጊዜ ሊፈጸም ይችላል። ሳይት ላይ ለደረሰና ጥራቱ ለተረጋገጠ ዕቃ ውሉ ከፈቀደ ከፊል ክፍያ አለ። ቅድመ ክፍያም እስከ 30 በመቶ ይሰጣል፣ ተመጣጣኝ ዋስትና ከቀረበ። የቀረው ሥራ በቀጣዩ ዓመት በጀት ውስጥ ቀድሞ መያዝ አለበት፤ ዕቅድ ክፍሉ ይህንን በጥር ካልጻፈው ተቋራጩ በሐምሌ ሥራ ያቆማል።

17ኛው የካሣን ጉዳይ በአጭሩ አነሳ፦ በ2011 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ካሣ ሳይከፈል ነዋሪ አይነሳም፣ ስለዚህ ቦዩ የሚያልፍበት አጥርና የሱቅ በረንዳ በበጀቱ ውስጥ ካልተቆጠረ የሳይት ርክክቡ ቀን ሥራው ይቆማል። 18ኛው የመብራት ምሰሶና የቴሌ ኬብል ማንሻ ተጠይቆ መከፈል እንዳለበት ጨመረ፣ በዚህም አልፎ ሄደ።

19ኛው የግንባታ ሰው ነው፤ በጀት የሚባክነው ቢሮ ውስጥ ብቻ አይደለም አለ። የደቻቱ አሸዋ በነፃ ስለሚገኝ ሳይፈተሽ ይገባል። በጠርሙስ ግማሽ ድረስ አሸዋ፣ ከላዩ ውሃ ጨምሮ በደንብ መበጥበጥና ማስቀመጥ ነው፤ ላዩ ላይ የሚተኛው ጭቃ ከአሸዋው 6 በመቶ ከበለጠ ወይ ይታጠባል ወይ ይመለሳል። ሁለተኛው የውሃ ማጠጣት ነው። በድሬ ፀሐይ የተገነባ ግንብ ቢያንስ ሰባት ቀን፣ ጠዋትና ማታ፣ በረጠበ ጆንያ ተሸፍኖ መጠጣት አለበት። የሥራ ዝርዝሩ ላይ የውሃ ቦቴ ዋጋ ካልገባ ተቋራጩ አያጠጣም፣ ሞርታሩ በጥፍር ሲጫር ዱቄት ይሆናል፣ የመጀመሪያው ጎርፍም ድንጋዩን ነቅሎ ይወስዳል። ከእያንዳንዱ ክፍያ የሚያዘው 5 በመቶ እስከ መጨረሻው ርክክብ የሚቆየው ለዚህ ነው፤ ጊዜያዊ ርክክቡ በበጋ ተደርጎ የአንድ ዓመቱ የዋስትና ጊዜ ክረምቱን እንዲያቅፍ ማድረግ ይገባል።

በ20ኛው ላይ የመጀመሪያው ክስ መልስ አገኘ። የምክር ቤት አባል ኃይል የለውም መባሉ ግማሽ እውነት ነው ይላል ጸሐፊው። በጉባኤው ቀን የለውም፤ በቋሚ ኮሚቴው ውስጥ ግን አለው፣ መጠየቅ ያለበትን ካወቀ። የሚጠየቁትንም አስቀመጠ። ያለፈው ዓመት ያላለቁ ፕሮጀክቶች ቀሪ ዕዳ በቅድሚያ ተይዟል ወይ? እያንዳንዱ አዲስ ፕሮጀክት ዲዛይን አለው ወይስ ስም ብቻ? ግምቱ ታክስን ያካትታል? 6245 ላይ ስንት ተጠይቆ ስንት ተፈቀደ? የሊዝ ገቢው ትንበያ ካለፉት ሦስት ዓመታት የተሰበሰበ ገንዘብ ጋር ይመሳሰላል ወይ? 117 ከተሞችን ያቀፈው የከተሞች ተቋማዊና መሠረተ ልማት ፕሮግራም በነበረ ጊዜ ለዕርዳታው የሦስት ዓመት የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድና የንብረት አስተዳደር ዕቅድ ግዴታ ነበሩ፤ ያ ልማድ ከገንዘቡ ጋር አብሮ እንዳይሄድ አባላቱ ሁለቱን ሰነዶች በየዓመቱ ማስቀረብ አለባቸው። የዋና ኦዲተሩ ሪፖርትም ለምክር ቤቱ ነው የሚቀርበው፣ ከበጀት ክርክሩ በፊት አንብቦ መግባት የአባሉ ፈንታ ነው።

21ኛው ራሱ ጠያቂው ነበር፤ በሌላ ድምፅ ተመለሰ። ከሰፈሩ ልጆች ጋር በሜትር ለክተው 380 ሜትር አግኝተዋል፣ 46 አጥር ይነካል፣ ሁለት ቦታ መኪና ማለፊያ ካልቨርት ያስፈልጋል፣ ጥያቄውንም ከበጀት ጥሪው በፊት ለቀበሌ ሊያስገቡ ነው። 22ኛው ደስ አለው፤ ግን መውጫው የት ነው ብሎ ጠየቀ። ቦዩ ደቻቱ ድረስ ካልደረሰና ታችኛው ሰፈር ላይ ካለቀ፣ ጎርፉን ከአንዱ በር ወደ ሌላው በር ማዞር ብቻ ነው፤ የታችኛው ሰፈር ሰዎችም ጥያቄው ላይ አብረው መፈረም አለባቸው። ጫፉ ወንዙ ጋ ሲደርስ ውሃው እንዳይቦረቡረው ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆኑ የጋቢዮን ሳጥኖች (ድንጋይ የሚሞላባቸው የሽቦ ሳጥኖች) ቁጥር ዝርዝሩ ውስጥ ይግባ አለ።

የመጨረሻው፣ 23ኛው፣ ሦስት መስመር ብቻ ነው። ካልቨርት ይገባባቸዋል የተባሉት ሁለት ቦታዎች ላይ የውሃ ቧንቧ መንገዱን አቋርጦ ያልፋል ወይ፣ ካለፈ በስንት ጥልቀት እንደተቀበረ በእጅ ቆፍረው ለክተው ከፎቶ ጋር ያያይዙ፤ ቁፋሮው 1.1 ሜትር ስለሚወርድ ቧንቧው ከዚያ በላይ ከሆነ ማዛወሪያው ዋጋ ግምቱ ውስጥ መግባት አለበት።